ሟቾቻችን በጅምላና በችርቻሮ

ግራ ጡቴ ሥር የወጣውን እባጭ ከእኔ በፊት ያየው ምን አለሽ ተራ ነው። እኔ ላሜራ ደረቴ ላይ አስደግፌ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደረቴን ሲያመኝ እጄን ጥላሸት የነካው ያህል እንጂ ሌላ ነገር አይመስለኝም። አንድ ቀን ሙቀት በዝቶብኝ ሸሚዜን አውልቄ ስቀጠቅጥ፣ ከጎኔ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራው ጓደኛዬ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና በአውራ ጣቱ ተጫነኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ።»

«ያምሃል?»

«አንተ ስትጫነው።»

ሌላውን ጠራ፤ ያም ሌላውን ጠራ። መርካቶ ሰው ሳይዳብስ የሚገዛው ዕቃ የለም፤ እኔንም ተሰልፈው ዳበሱኝ። አንዱ ጅማት ነው አለ። አንዱ ላብህ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥተህ ነው አለ። ቁርጥራጭ ብረት የሚያሻሽጠው ደላላ ሁለቴ ጨመቀኝና «ይሄ ኦሪጅናል አይደለም፣ ፎርጅድ ነው፤ ብዙ አይቆይም» ብሎ ፈረደ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም።

«ዳብሳችሁ ጨረሳችሁ?» አለች። «አሁን ደግሞ የተማረ ሰው ይዳብሰው።»

አልሰማኋትም። ሐኪም ቤት የሄድኩት ከብዙ ወራት በኋላ፣ የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሸሚዜን ደም ነክቶት ሳይ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ እስካሁን በየበሩ የተጻፈውን ሁሉ ድምፅ አውጥቼ ነው የማነበው። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ በር ላይ «የጡት ክትትል» የሚለውን እየጎተትኩ ሳነብ ዘበኛው ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎን ያስገቡና እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።»

«ባለቤቴ ትታኝ ከሄደች ቆየች።»

«ታዲያ በማን ጡት ነው የመጡት?»

«በራሴ።»

ፊቴን አየ፣ ደረቴን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእንደዚህ ያለው ነገር ሌላ ክፍል አለ፣ ላሳይዎት» አለኝ። የአእምሮ ሕሙማንን ክፍል እንዳሰበ ገብቶኛል። አልፌው ገባሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከጎኔ የነበረች ጎምቱ ሴትዮ ዘወር ብላ አየችኝ።

«ምነው አባው፣ ወተት ነጠፈብህ?»

«አልነጠፈም፤ ደም ሆነ እንጂ።»

ተነሣችና የእሷን ቦታ ሰጠችኝ፤ ለበሩ የሚቀርበው እሱ ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አየችኝ፣ ናሙና ወሰደች፣ በሌላ ቀን ጠርታ ካንሰር ነው አለችኝ። ወንድ ደግሞ ምን ጡት አለው ብዬ ተከራከርኳት። «ወንድም ትንሽ ጡት አለው፤ በሽታው ጥቂት ወንዶችንም ይይዛል» አለች። ከዚያ ወረቀቷን አዘጋጅታ ጠየቀችኝ።

«ከቤተሰብዎ በዚህ በሽታ የታመመ አለ?»

«ዘሬን ልቁጠርልሽ?»

«ይቁጠሩልኝ።»

ሰባት አባቴን በአንድ ትንፋሽ ጠራሁላት። እኛ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፤ ኋላ ሳያውቅ ዘመዱን እንዳያገባ። ፊደል በሌለኝ ዘመን እንኳ ይህንን አልሳትኩም። ሐኪሟ አንድም አልጻፈችም።

«ሴቶቹስ?»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«እነዚህን ሁሉ የወለዱት።»

የአንዷንም ስም አላውቅም። የአባቴን እናት እንኳ የማውቃት አያቴ በሚል ብቻ ነው። ሰባት ወንድ ያለ ሴት ሲዋለድ ኖሯል ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ዓመት ምንም አልገረመኝም።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወንድ ሲታመም በሽታው በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። በእናት ብቻ ሳይሆን በአባት በኩልም ይመጣል። ልጅ ሊወርሰውም ላይወርሰውም ይችላል፤ የሚታወቀው ሲመረመር ነው። ቀድሞ ሲገኝ ደግሞ ማዳኑ ይቀልላል።

«ሴት ልጅ አለዎት?»

«አንድ አለችኝ።»

«ትምጣ። ከዘመድም ማን በምን እንደሞተ ጠይቀው ይንገሩኝ።»

ጡቴን ቆረጡት፤ ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ ሙቀት ይለቅብኝና ላብ ያጠምቀኛል። ሻይ አፍዪዋም ዕድሜዋ ደርሶ እንደዚያው ያደርጋታል፤ ማራገቢያ ካርቶኗን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሰጠችኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንራገብ ተራው ሙሽሮቹ ይለናል። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ነገሩ ልጄ ናት።

ልጄ ሃያዎቹ ውስጥ ናት፤ ፕላስቲክ ዕቃ መደብር ትሠራለች። በዚያ ሰሞን የሶማሌ ተራ ጅምላ ነጋዴ ልጅ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ሐኪሟ ያለችውን ስነግራት ጆሮዋን የሸጠች መሰለች።

«ከሠርጉ በኋላ አባዬ።»

«በሽታ ሠርግ አይጠብቅም።»

«የልጁ ዘመድ እዚያ ሆስፒታል ትሠራለች። እዚያ ወረፋ ላይ ካየችኝ አለቀ። ደግሞ አንተን የጎዳህ ላሜራ ነው። እትዬ በዘራችን የለም ብለዋል። እሳቸው አለ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

እትዬ የአባቴ እህት ናቸው። የልጄ እናት ጥላን ከሄደች ጀምሮ ልጄን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ብረት ቀጥቅጬ አበላኋት እንጂ አላሳደግኋትም። ስለዚህ የእኔ ቃል ወሬ ነው፤ የእሳቸው ቃል ቃል ነው። እሑድ ታላቅ ወንድሜን ይዤ አዲስ ከተማ ቤታቸው ሄድኩ። ወንድሜ ጣቃ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ከሴቶቻችን በጡት የሞተ ማን ነው?» አልኩ።

«ማንም።»

«አያቴስ?»

«ምች።»

«ታላቅ እህትዎስ?»

«ዓይን በላት። ቆንጆ ነበረች።»

«ታናሽዎስ?»

«ብርድ።»

«የአጎቴ ልጅስ፣ ደረቷን በመቀነት አስራ የሞተችው?»

«እሷ በንዴት ነው። ባሏን ታውቀው የለ።»

«ምች፣ ዓይን፣ ብርድ፣ ባል» አልኩ። «ሁሉም ጡት ላይ ነው እንዴ የሚያርፉት?»

እትዬ መቁጠሪያቸውን አነሡ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ እስኪ። ሐኪሟ ስንት ጠየቀች?»

«ስንት ምን?»

«ስንት ሟች።»

«ቁጥር አልጠራችም ጋሼ። ያለውን ንገረኝ ነው ያለችው።»

«ዋጋ ያልጠራ ገዢ ጥሩ ነው፤ እኛ እንጥራላት። አንድ።»

«አራት ናቸው እኮ።»

«አራት ብለህ ልጅህን ማን ያገባታል? የእኔንስ ሴት ልጆች? የልጁ ቤተሰቦች ቀጥቃጭ መሆንህን በግድ ነው የዋጡልን። በዚያ ላይ አራት ጡት ልትጨምርባቸው ነው? አንድ።»

«ሦስት» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። መርካቶ የኖረ አፍ ሲጠሩበት ዝም አይልም።

«አንድም ቢሆን በእኛ በኩል አይደለም» አሉ እትዬ። «በእናታችሁ በኩል አድርጉት።»

ወንድሜ ይህን ወደደው። ወዲያው ገጠር ላለው የእናታችን ወንድም ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። አጎታችን ሁሉን ሰምቶ «እኛ ዘንድ የለም» አለ። «እኛ የምንሞተው በጉበት ነው።» የሆነ ሜዳሊያ የተሸለመ ይመስል ኮራ ብሎ ዘጋው።

ብዙ ከተጓተትን በኋላ ሁለት ላይ ደረስን። ያውም ወንድሜ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፤ ሴት ልጅ ያልተዉ፣ ማንንም የማይነኩ ሁለት ሟቾች ይሁኑ አለ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈልገው አንዲት መካንና አንዲት መነኩሲት አመጡ።

«መነኩሲቷን የገደላት መኪና ነው» አልኩ።

«ጡቷን ነው የገጫት» አሉ እትዬ።

ወንድሜ እጁን ዘረጋ። «ምታ።» አልመታሁም። እሱ ግን አየር ላይ መትቶ ጨረሰ፤ ነጋዴ ነው፣ ከራሱ ጋርም ይስማማል።

ስወጣ እትዬ እስከ በሩ ተከትለውኝ መጡና ኮቴን ያዙ።

«አራት አይደሉም። አምስት ናቸው።»

«አምስተኛዋ ማን ናት?»

«አይደለችም፤ ነው። ታላቁ አጎትህ።»

«እሱን ሽፍታ አይደለም እንዴ የገደለው?»

«ምን ሽፍታ አለ። እንዳንተ ጡቱ በስብሶ ነው የሞተው። ወንድ በጡት ሞተ ከሚባል በጥይት ሞተ ቢባል ይሻላል ብለው ሽማግሌዎች ተማከሩ። ጥይቱም ከጀርባው ገባ ሊሉ ነበር፤ እኔ ነኝ ከፊት ይሁን ያልኩ።»

በዚያ አጎቴ ስኮራ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ ሰው ሲመታኝ «የማን ዘር መሰልኩህ» እያልኩ የምደነፋው በእሱ ነበር።

«ይህንን ለሐኪሟ ንገራት» አሉ እትዬ። «ለሽማግሌ ግን ሁለት።»

«ለምን ሁለት ዓይነት?»

«ለሐኪም በጅምላ፣ ለሽማግሌ በችርቻሮ።» ዕድሜያቸውን በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ለልጄስ?»

«ለልጅህ አይሸጥም። ትዳሯን ትያዝ።»

ሐኪሟ አምስቱን ጻፈች። የጻፈችው ለእኔ እንጂ ለልጄ ምን ይሠራል፤ ልጄ ካልመጣች ወረቀት ነው። ማታውን ለልጄ አምስት መሆናቸውን ነገርኳት። አጠገቤ ቆማ ለእትዬ ደወለች። እትዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፤ «አባትሽን ክኒኑ አዙሮታል።» ልጄ ስልኳን ዘግታ እንደ ሕፃን ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሦስት ነበሩ። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ፣ ተለመኑና ተቀመጡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ዘመድ እንጠይቅ ብለን ሸኘናቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ዘር ይቆጠራል። እትዬና ወንድሜ ከእኔ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ጥበቃ መሆኑ ነው። ልጄ መጋረጃው ጀርባ ነበረች። ታላቁ ሽማግሌ፣ በፊት የመኪና ዕቃ ነጋዴ የነበሩ፣ የልጁን ሰባት አባት አንድ በአንድ ጠሩ። ከእኛ ጋር የሚነካካ የለም። ተራው የእኔ ሆነ።

«የአባቴ እናት» አልኩ፣ ልጄ እንድትሰማ ወደ መጋረጃው ጮክ ብዬ። «በጡት ሞተች።»

ወንድሜ አሳለ።

«የአባቴ ታላቅ እህት፤ በጡት። ታናሽ እህቱም እንዲሁ። የአጎቴ ልጅ፤ በጡት፣ ባሏም መጥፎ ነበር። ታላቁ አጎቴ፤ በጡት። ሽፍታ የሚባለውን ተዉት፣ ሽፍታ አልነበረም። እኔ ደግሞ በሕይወት አለሁ። ሸሚዜን ልክፈት?»

«አያስፈልግም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ ፈጠን ብለው።

እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ፤ ረግጦም እዚያው ተወው። ሽማግሌዎቹ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። አሁን ይነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ታላቁ ግን ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ስኳርስ?» አሉ።

«ስኳር የለብንም።»

«እኛ አለብን። ከተነሣ አይቀር ብለን ነው። በልጁ አባት በኩል ሁለት እግር ተቆርጧል።»

«የአንድ ሰው ነው የሁለት ሰው?» ወንድሜ ነው የጠየቀው። እግሬን ለቀቀው።

«የሁለት ሰው። አንድ አንድ።»

«ሌላስ?»

«አንድ አጎት አለ፤ አእምሮው ትንሽ...»

«ይጮሃል ወይስ ዝም ይላል?»

«ይጮሃል።»

ወንድሜ እንከን ያለበት ጣቃ እንደተዘረጋለት ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ በኋላ ያስቆማቸው የለም። አስም ወጣ፣ የሚጥል በሽታ ወጣ፤ አንዱ ሽማግሌ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ኪንታሮት ጨመሩ። ወንድሜ አምስት ጡት ከሁለት እግርና ከአንድ እብድ ጋር እኩል ነው ሲል፣ ታላቁ ሽማግሌ እብዱ የሩቅ ስለሆነ በግማሽ ይያዝልን አሉ። ላቡ ሲመጣብኝ ተራገብኩ።

«እንግዲህ ተቀራርበናል» አሉ ታላቁ ሽማግሌ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ልጅቷ ትመርመርና ወረቀቱን አሳዩን።»

ይኸው፤ ስለምነው የኖርኩት ነገር። ሁሉም አየኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ ወንድሜ።

«ልጄ ባትሪ አይደለችም። ተፈትሻ አትሸጥም።»

«አንተ ሰው፣ ትመርመር ብለህ አይደል ቤታችንን ያፈረስከው?»

«እኔ ያልኩት ለራሷ ነው። ለእነሱ አላልኩም።»

ታላቁ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ትመርመር ነው የምትለው አትመርመር?»

«ትመርመር። ለእናንተ ግን አትመርመር።»

«ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው» አሉ ወደ እትዬ ዞረው።

ያን ጊዜ ልጄ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ልማድ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ብድግ አሉ። እኔንም እነሱንም አላየችም። በቀጥታ እትዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ሁለት ናቸው አምስት?»

እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ወንድሜን አዩ። ወንድሜ በሁለት ጣቱ ሁለት እያለ ጭኑ ላይ ያሳያቸው ነበር።

«አምስት» አሉ። «እናቴን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቁስሏን በእጄ ነው ያጠብኩት።»

ልጄ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«እሄዳለሁ። ወረቀት ግን ለማንም አላሳይም። በዚህ የሚስማማ ይምጣ፣ የማይስማማ ይቅር።» ከዚያ ወደ እኔ፤ «አንተም ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ አካል አንድ ነገር አትሰማም። ሰምተህ ሰው ፊት ትቆጥረዋለህ።»

እውነቷን ነው።

ወደ ሆስፒታል የሄደችው ከእትዬ ጋር ነው። እኔ አልተጋበዝኩም። ያን ቀን ምን አለሽ ተራ ሆኜ ላሜራ አበላሸሁ፤ አንዱን ምድጃ አራት ማዕዘን ላደርገው ስል ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ስልኬን ሻይ አፍዪዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በየመካከሉ እመጣለሁ። «አልጮኸም» ትለኛለች ሳልጠይቃት። ከሰዓት በኋላ ጮኸ።

«ጨረስኩ» አለች ልጄ።

«ምን አሉሽ?»

«አልነግርህም አላልኩህም?»

«ደህና ነሽ ወይ ብቻ በዪኝ።»

«አባዬ።»

ከጀርባዋ የታክሲ ረዳት ይጣራል፤ እትዬም ሰው እየገፉ መሰለኝ ይቆጣሉ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ። ታኝካለች። ክፉ ነገር የሰማ ሰው እንደዚያ ያኝካል? አያኝክም ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ልጄ ከእኔ ነው የወጣችው፤ እኔ ካንሰር ነው በተባልኩ ቀን ቤት ሄጄ ጥብስ በልቻለሁ።

«ምንድን ነው የምትበዪው?»

ትንሽ አሰበች። ይህን ልንገረው አልንገረው እያለች መሆኑ ይታወቀኛል።

«ሳምቡሳ።»

«ብዪ» አልኳት።